ያማሃ ሲ40 ቦክስ ጊታር፦ በዚህ የኑሮ ውድነት ገንዘብ ይወጣበታል ወይ?

ቀጥታ ልንገራችሁ፣ አዎ ይወጣበታል፣ ግን ያገለገለ ካገኛችሁ ነው። የብሩ ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ፣ ይሄ ጊታር ደግሞ ኢንዶኔዥያ ተሠርቶ የሚመጣ ስለሆነ አዲሱን ዋጋ ስትጠይቁ ትደነግጣላችሁ። እኔ የገዛሁት ያገለገለ ነው፣ በቴሌግራም የሚሸጥ ልጅ ጋ አግኝቼ ዕቁብ ሲደርሰኝ። ቤት ውስጥ ሌላ የሚገዛ ጠፍቶ አይደለም፣ ጤፉም ዘይቱም አለ፣ ግን ባለቤቴ ናት "ግዛው በቃ፣ ከሥራ መጥተህ ግድግዳ እያየህ ዝም ከምትል ይሻላል" ያለችኝ። ልክ ነበረች።

ሲ40 ለማያውቁት ክላሲካል የሚባለው ዓይነት ነው፣ እኛ እንግዲህ ሁሉንም ቦክስ ጊታር ነው የምንለው። ክሩ ናይለን ነው፣ ሦስቱ ወፍራሞች ላይ ብቻ ቀጭን ብረት ተጠምጥሞባቸዋል። ጣት አይቆርጥም፣ የብረት ክር ላይ ጀምራችሁ ጣታችሁ ቆስሎ የተዋችሁት ካላችሁ ይሄን ሞክሩ። ፊቱ ስፕሩስ የሚባል እንጨት ነው ግን ወጥ እንጨት አይደለም፣ ተደራርቦ የተጣበቀ ነው፣ በዚህ ምክንያት ድምፁ ወጥ እንጨት የሆኑትን ውድ ጊታሮች ያህል አይሰፋም። ግን በጋው ደረቅ ክረምቱ እርጥብ ለሆነ እንደ አዲስ አበባ ላለ ከተማ ተደራርቦ የተጣበቀው ቶሎ አይሰነጠቅም፣ እኔ ጊታር የማስቀምጥበት ልዩ ክፍል የለኝም፣ ቁም ሳጥን ጎን ነው የሚቆመው እስካሁን ምንም አልሆነም።

አንገቱ ሰፊ ነው፣ ከላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ጋ 52 ሚሊሜትር። እጁ ትንሽ ለሆነ ጀማሪ ኮርድ መያዝ፣ ማለትም ብዙ ክር አንዴ ተጭኖ አብሮ መምታት፣ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፣ ይሄን አልደብቅም። ለኛ ሙዚቃ ግን ስፋቱ በጣም ነው የሚጠቅመው ምክንያቱም የኛ ዜማ ነጠላ ነጠላ እየተለቀመ ነው የሚሄደው፣ ጣት ክሩ ላይ ተንሸራቶ ድምፁን ትንሽ ማወዛወዝ አለበት፣ ለዛ ቦታ ያስፈልጋል።

እስቲ ይሄን ሞክሩት፦ ጊታሩን በተለመደው ቃኙትና ትዝታ ማይነር የሚባለውን ቅኝት ኤ ከሚባለው ድምፅ ጀምሩ፣ አምስቱ ድምፆች ኤ ቢ ሲ ኢ ኤፍ ናቸው። ሳይጫኑ ከሚመቱት ስድስት ክሮች አራቱ፣ ሁለቱ ኢዎች ኤውና ቢው፣ እዛው ቅኝት ውስጥ ናቸው፣ ስለዚህ በአውራ ጣት ከታች ኤውን እየመታችሁ ከላይ ዜማውን መልቀም ትችላላችሁ፣ ብቻችሁን ሆናችሁ ሁለት ሰው የሚጫወት ይመስላል። ከዛ እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ይዛችሁ ማረፊያችሁን ኢ ላይ አድርጉት፣ አምባሰል የሚባለው ቅኝት ሆነላችሁ! ድምፆቹ አልተቀየሩም፣ የምታርፉበት ነው የተቀየረው፣ ስሜቱ ግን ሌላ ነው። ይሄን ያወቅኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ግን አሁንም ይከብደኛል፣ የድምፆቹ ርቀት ሌላ ነው ጣት ቶሎ አይለምደውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ለምን ገንዘብ ይወጣበታል እንዳልኩ። ደሞዝ ወሩ ሳይጋመስ ሲያልቅ ሰው ማታ ማታ ነው ሂሳብ የሚሠራው፣ ኪራዩ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ትራንስፖርት፣ ደግሞ እንደገና ኪራዩ፣ የደመርከውን መልሰህ ትደምራለህ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ጊታር ይዘህ ሂሳብ መሥራት አትችልም። ግራ እጅህ ፍሬት፣ አንገቱ ላይ ያሉትን የብረት መስመሮች፣ ይፈልጋል ቀኝ እጅህ ክር ይለቅማል ጆሮህ ቀጥሎ የሚመጣውን ይጠብቃል፣ ለኪራይ የሚተርፍ ቦታ ጭንቅላትህ ውስጥ አይኖርም። ሲያልቅ ችግሩ እዛው አለ፣ እኔ ግን ትከሻዬ ወርዷል፣ ትንፋሼ ረግቷል፣ ለልጄም በደህና ድምፅ አወራታለሁ። የሚገርመው የሚያረጋጋኝ የደስታ ዘፈን አይደለም፣ ትዝታው ነው፣ ያለብህን ነገር አልካደብህም፣ አብሮህ ተቀምጦ ያለቅስልሃል። ደግሞ አንዴ ከገዛህ በኋላ ወርሃዊ ክፍያ የለው፣ ኢንተርኔት አይፈልግ፣ መብራት ሲጠፋ ይበልጥ ያምራል። ኮንዶሚኒየም ለምንኖርም የናይለን ድምፅ ለስላሳ ስለሆነ ጎረቤት አይረብሽም፣ እንዲያውም ከጎናችን ያሉ አባት በረንዳ ላይ ሆነው "አንተ ልጅ፣ ያቺን አምባሰል ድገማት እስኪ" ይሉኛል።

ያለ ኤሌክትሪክ የኛ ሙዚቃ ምን ያህል እንደሚያምር ለማወቅ የጊታር ተጫዋቹን የግሩም መዝሙርን ባንድ፣ አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክትን ስሙ፣ ጊታሩ ከማንዶሊኑና ከክላርኔቱ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር።

ድክመቱን ደግሞ ልናገር። መቃኛ ቁልፎቹ ተራ ናቸው፣ ያገለገለ ላይ ላላ ይላሉ፣ የኔ አንዱ ቁልፍ ሁሌ ይንሸራተታል። ወፍራሞቹ ክሮች ሲያረጁ ድምፃቸው ይታፈናል። አዲስ ክር ስታስገቡ ደግሞ ናይለን እስኪሳብ ለተወሰኑ ቀናት ቅኝቱ አይቆምም፣ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጨነቁ፣ በየቀኑ መቃኘት ነው፣ ስልክ ላይ ነፃ ቱነር (የመቃኛ አፕ) አለ።

ያገለገለ ስትገዙ፦ ክሮቹ የታሰሩበት ድልድይ ከፊቱ ላይ ተነስቶ እንደሆነ ወረቀት አስገብታችሁ እዩ፣ ከገባ ተዉት። ከዛ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን በጣት ነካ ብቻ አድርጋችሁ ምቱት፣ ቀጥሎ ተጭናችሁ ምቱት፣ ሁለቱ እኩል ካልወጡ ቅኝት አይዝም። ከሁሉም በላይ የብረት ክር የታሰረበት ሲ40 አትግዙ። አንድ ሱቅ "ድምፁ እንዲጮህ" ብለው ብረት አስረውበት ሊሸጡልኝ ነበር፣ ይሄ ጊታር ለዛ ውጥረት አልተሠራም፣ አንገቱ ይጎብጣል ድልድዩም ይነቀላል።

ኮርድ እየመታችሁ ጮክ ብላችሁ ለመዘመር ወይ ከብዙ ሰው ጋር ለመጫወት ከሆነ ግን ይሄ አይሆናችሁም፣ የብረት ክር ያለውን የያማሃ ኤፍ310 ፈልጉ። ማታ ቤት ቁጭ ብሎ ለራስ ለመጫወት ሲ40 ነው፣ ከተቻለ ከጊታሩ ጋር አንድ ሙሉ ትርፍ የናይለን ክር አብራችሁ ግዙ፣ ክሩም ከውጭ ስለሆነ የሚመጣው ነገ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።