ያለ ገመድ ከስልክ ወደ ስፒከር፦ ለደጅ ድግስ የትኛው ያዋጣል?

ልደትም ሆነ ምርቃት፣ ቀለበትም ሆነ መልስ፣ ዛሬ ሙዚቃው ያለው ስልክ ላይ ነው። ስፒከሩ ደግሞ ድንኳኑ ጥግ ቆሟል። በሁለቱ መካከል ገመድ እንዲዘረጋ የሚፈልግ የለም፤ ሰው ያደናቅፋል፣ ልጆች ይነቅሉታል። ሱቅ ስትገቡ «ብሉቱዝ አለው» ይሏችኋል፣ ነገሩም በዚያው ያለቀ ይመስላል። ግን ያለ ገመድ የማጫወቻው መንገድ ብዙ ነው። ቤት ውስጥ ጥሩ የሠራው ደጅ ላይ ሊያሳፍር ይችላል።

የማወራው አምፕሊፋየሩ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ስላለ፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ስለሚሠራ ስፒከር ነው። ብዙ ሰው አክቲቭ ይለዋል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ስፒከሩን በድምፁ ምረጡት፤ ብሉቱዝ ስላለው ብቻ አትግዙት። ብሉቱዝ በኋላ በትንሽ ብር ይጨመራል፣ የድምፅ ጉልበት ግን አይጨመርም። ደጅ ላይ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም። ከስፒከሩ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ያህል ይቀንሳል። ዋቱን እጥፍ ብታደርጉ ደግሞ የምታገኙት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበት ነው፤ «አር ኤም ኤስ» የሚለውን፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ጉልበት የሚናገረውን ቁጥር ፈልጉ።

ብሉቱዝ ውስጡ ያለው ስፒከር

እንደ ጄ ቢ ኤል ኢዮን 715 እና እንደ ኤሌክትሮቮይስ ዜድ ኤል ኤክስ 12 ቢቲ ያሉት ብሉቱዝ አብሯቸው ይመጣል። ስልኩን ማገናኘት ነው፣ አለቀ። ሁለት ስፒከር ካላችሁ ስልኩን ከአንዱ ጋር አገናኙና ከዚያኛው መውጫ በኤክስ ኤል አር ገመድ (ባለ ሦስት እግሩ የማይክ ገመድ) ወደ ሁለተኛው አሻግሩ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጣሉ ማለት ነው። ለደጅ ድግስ እንዲያውም ይሻላል፤ እንግዳው ተበታትኖ ስለሚቀመጥ ግራና ቀኝ የተለያየ ድምፅ ቢወጣ የሚጠቀመው መሃል ያለው ሰው ብቻ ነው።

አንዳንዶቹ ሁለቱን ስፒከር እርስ በርስም ያለ ገመድ ያገናኛሉ። ቲ ደብሊው ኤስ የሚባለው ነው። ሁለቱ ብዙውን ጊዜ የአንድ ኩባንያ፣ አንዳንዴም አንድ ዓይነት ሞዴል መሆን አለባቸው። እኔ ለድግስ አልመክረውም። ስፒከሩ ለመብራት ገመድ ተዘርግቶለት የለም እንዴ? የድምፁ ገመድ አብሮት ቢሄድ ምን ይጎዳል?

አሁን ዋናው ችግር። ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ነው፤ የአብዛኛው ስልክ አስተማማኝ ርቀትም ወደ 10 ሜትር ገደማ ነው። የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ሳሎን ውስጥ ይህ ብዙም አይታወቅም፤ ሞገዱ ከግድግዳና ከጣሪያ እየነጠረ በሌላ በኩል ይደርሳል። ሜዳ ላይ ግን የሚነጥርበት ነገር የለም። ስለዚህ ከሰዓት ላይ ሲሞክሩት ያልተቆራረጠው፣ ማታ እስክስታው ደምቆ ሰው ስፒከሩ ፊት ክብ ሲሠራ መንተባተብ ይጀምራል። የስፒከሩ ብልሽት አይደለም። ስልኩ የባለቤቱ የኋላ ኪስ ውስጥ ነው፣ በመሃል ሃያ ሰው ቆሟል። ስልኩን ስፒከሩ አጠገብ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጡትና ለውጡን ስሙ። ፍላይት ሞድ ላይ አድርጋችሁ ብሉቱዙን ብቻ መልሳችሁ አብሩት፤ አለዚያ ሽማግሌዎች እየመረቁ ስልክ በስፒከር ይጮሃል።

ለብቻው የሚገዛ የብሉቱዝ መቀበያ

ከሁሉም ርካሹ ይኸው ነው፤ ለብዙ ቤተሰብ የምመርጠውም እሱን ነው። የክብሪት ሳጥን የምታክል ነገር ናት። በዩ ኤስ ቢ መብራት ታገኛለች፣ በትንሽ ጃክ ድምፅ ታወጣለች። ብሉቱዝ የሌለውን አሮጌ አክቲቭ ስፒከር ሁሉ ታስነሳለች። ሌላም ጥቅም አላት፦ የስፒከሩ ማቆሚያ ጫፍ ላይ፣ ከሰው ራስ በላይ ልትታሰር ትችላለች። ስልኩም ከፍ ያለ ቦታ ከተቀመጠ ሞገዱ ሰው ሳይጋርደው ያልፋል።

ሰው የሚሳሳተው ገመዱ ላይ ነው። ከመቀበያዋ የሚወጣው ግራና ቀኝ ያለው የስቴሪዮ ድምፅ ነው። ትንሹን ጃክ ወደ ትልቁ በሚለውጥ አዳፕተር ቀጥታ ስፒከሩ ጀርባ ብትሰኩት፣ ያ መግቢያ ብዙ ጊዜ አንዱን ድምፅ ከሌላው ላይ ይቀንሳል። የዘፋኙ ድምፅ በግራም በቀኝም እኩል ስለሚገባ ተቀናንሶ ይጠፋል። ከበሮው ሳስቶ፣ መሣሪያው ከሩቅ ሆኖ ይሰማል፣ ዘፋኙ ግን የለም። ሰው ስፒከሩ ተበላሸ ብሎ ይፈታዋል። መግዛት ያለባችሁ አንዱ ጫፉ ትንሽ ስቴሪዮ ጃክ፣ ሌላው ጫፉ ሁለት ትልልቅ ሞኖ (አንድ ድምፅ ብቻ የሚያሳልፍ) ጃክ የሆነውን ባለ ሹካ ገመድ ነው። ሁለቱን ጫፎች በስፒከሩ ሁለት ቻነሎች ወይም በሁለት ስፒከሮች ላይ ሰኩ። ስፒከሩ በራሱ ትንሽ ጃክ ወይም ቀይና ነጭ አር ሲ ኤ መግቢያ ካለው ደግሞ በዚያ ተገላገላችሁ።

መቀበያዋን በፓወር ባንክ የምታሠሩ ከሆነ ቀድማችሁ ሞክሩ። ብዙ ፓወር ባንክ በጣም ትንሽ የሚስብ ዕቃ ሲሰካበት ቻርጅ አልቋል ብሎ ራሱን ያጠፋል።

በዋይፋይ

እንደ ዊም ሚኒ ያሉ ማጫወቻዎች ከራውተር ይገናኛሉ፣ በገመድ ወደ ስፒከር ይገባሉ። የድምፅ ጥራታቸው ከብሉቱዝ ይበልጣል። ግቢው ሰፊ ከሆነና በሁለት ቦታ ያለ ገመድ እኩል ማጫወት ከፈለጋችሁ እነዚህ ይስማማሉ፤ ስልክ ሲደወል ሙዚቃው ውስጥ አይገባም። ግን ድግስ ሁሉ ራውተር ባለበት ግቢ አይደረግም። የቆርቆሮ አጥርና ግድግዳ ዋይፋይን ክፉኛ ያግዳል። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም እንዲጫወት ዘፈኖቹን አስቀድማችሁ ስልክ ላይ አውርዱ። ክሮምካስት ኦዲዮ የሚባለውን አሮጌ ዕቃ በርካሽ የምታገኙ፣ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2019 ማምረት እንዳቆመ እወቁ።

የዩ ኤች ኤፍ አስተላላፊ

ይህ እንደ ዋየርለስ ማይክ በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ነው። እንደ አልቶ ስቴልዝ ዋየርለስ ያለው አንድ አስተላላፊና ሁለት መቀበያ አለው፤ መቀበያዎቹ ስፒከሮቹ ጀርባ ይሰካሉ። ርቀቱ ሜዳ ላይ እስከ 60 ሜትር ነው ይባላል። ሰው መሃል ቢገባ እንደ ብሉቱዝ ቶሎ አይደነግጥም። ትልቁ ልዩነት ግን መዘግየቱ ነው። ብሉቱዝ ድምፁን ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ሚሊ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያዘገያል። ለተቀዳ ዘፈን ግድ የለም። ማይክ ይዞ ለሚዘፍን ወይም ኪቦርድ ለሚመታ ግን አይሆንም፤ የራሱን ድምፅ ዘግይቶ እየሰማ ምቱ ይጠፋዋል። ዩ ኤች ኤፉ ይህ ችግር የለበትም። ዋጋው ከበድ ስለሚል ዲጄ ለሆነ፣ ለሚያከራይ ወይም በየሳምንቱ ለሚደግስ ማኅበር ካልሆነ አይመከርም። ለአንድ የልጅ ልደት ትርፍ ወጪ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ አሮጌ ዩ ኤች ኤፍ ዕቃ ስትገዙ ሞገዱን እዩ። ከ617 እስከ 652 እና ከ663 እስከ 698 ሜጋ ኸርዝ ያለው ለሞባይል ኩባንያዎች ስለተሰጠ፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2020 ወዲህ በዚያ ላይ መጠቀም ክልክል ነው። ርካሽ ሆኖ የሚሸጠውም አንዳንዴ ለዚህ ነው።

ባትሪ ያለው

መብራት ቢሄድ የማይቆመው ይኼ ብቻ ነው። ጄ ቢ ኤል «ፓርቲቦክስ 110» የ160 ዋት ጉልበት አለው፤ ኩባንያው እስከ 12 ሰዓት ይጫወታል ይላል። ድምፁ ከፍ ሲል ግን ባትሪው ከዚያ ቀድሞ ያልቃል። ለሠላሳና ለአርባ ሰው፣ ለፓርክ ሽርሽር፣ ጄኔሬተር ለሌለበት ቦታ ግሩም ነው። ለሦስት መቶ ሰው ድንኳን ግን አቅሙ አይደለም።

ከውጭ ለሚያመጡ ሁለት ነገር። ባትሪው ላይ የተጻፈውን ዋት ሰዓት (Wh፣ የባትሪው አቅም) አንብቡ፦ ከ100 በታች ብዙ ችግር የለውም፣ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከ160 በላይ በመንገደኛ ሻንጣ አይገባም። ከአሜሪካ የሚመጣ ባለ ሶኬት ስፒከር ከሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ «100–240» የሚል ካለ እዚህ ኢትዮጵያ 220ው ቮልት ላይ ያለ ሐሳብ ይሠራል። «120» ብቻ ከሆነና የቮልት መምረጫ ከሌለው፣ የስፒከሩን ጉልበት የሚችል ትራንስፎርመር ሳይገዙ እንዳይሰኩት።