ኢንዛይም ያለው የምንጣፍ ማጽጃ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ቤታችን ውስጥ ያረጀች ድመትና ገና ውጭ መውጣት ያልለመደ ቡችላ ስላሉ ይህ ማጽጃ ሥራ ፈቶ አያውቅም። ለሽንት ሽታ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ለቆየ ቢጫ እድፍ ግን ብዙ ተስፋ አይጣልበትም፤ ቀለሙ የተበላሸ ክር አይመለስም።

ሽታውን ግትር የሚያደርገው ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በውሃ በቀላሉ ስለማይሟሟ ክሩ ላይ ደርቆ ይቀመጣል። በሳሙና የታጠበ ምንጣፍ ለጊዜው ደህና መስሎ፣ አየሩ እርጥበት ሲይዝ እንደገና የሚሸተው ለዚህ ነው። ሽታው እስካለ ድረስ ድመቷም ወደዚያው ቦታ ትመለሳለች። ኢንዛይሞቹ ግን ቅሪቱን ይሰባብሩታል እንጂ በሽቶ አይሸፍኑትም።

ሁሉም ነገር ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። ትኩስ ሽንት ከሆነ መጀመሪያ በደረቅ ፎጣ ጫን እያሉ መምጠጥ እንጂ ማሸት አያስፈልግም። ላዩ ላይ መዳፍ የምታህል እርጥበት፣ ከምንጣፉ ስር በተነጠፈው ስፖንጅ ላይ ከዚያ በጣም ሰፍታ ትገኛለች። ስለዚህ ላይ ላዩን መርጨት ከንቱ ድካም ነው። እኔ ክዳኑን ከፍቼ፣ ከእድፉ ጠርዝ አልፌ፣ ስሩ እስኪርስ አፈስበታለሁ፤ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ አሳድረዋለሁ። ኢንዛይም የሚሠራው እርጥብ እስካለ ብቻ ነው። ሲርስ ሽታው ለጊዜው ቢብስም አትደንግጡ፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትፍረዱበት።

የቆየ ቦታ ለመፈለግ መብራት አጥፍቼ የአልትራቫዮሌት ባትሪ አበራለሁ። ከሶፋው ጀርባ፣ ቀን ንጹሕ የሚመስለው ጥግ፣ ዳር ዳሩ የተንጠባጠበ ሰፊ ቢጫ ክብ ሆኖ ወጣ። ሁለቴ ደጋግሜ አፍስሼበት አሁን በዝናብ ቀን አፍንጫዬን አስጠግቼ ሳሸት ምንም የለም።

የሱፍ ወይም የሐር ምንጣፍ ያላችሁ ተጠንቀቁ፤ ሁለቱም ፕሮቲን ስለሆኑ ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ክሩን ሊጎዳው ይችላል። በረኪና ደግሞ ሽንት ላይ ፈጽሞ አታፍስሱ፤ ሽንቱ ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ተዋህዶ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። በእንፋሎት ማጠብም እድፉን ሊያጣብቀው ስለሚችል ከኢንዛይሙ በፊት አይሁን።

ንጽሕናዋን የምትጠብቅ ድመት በድንገት ምንጣፍ ላይ መሽናት ከጀመረች ግን ከማጽጃው በፊት የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት፤ የሽንት ቧንቧ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ወንድ ድመት ሽንት እምቢ ካለው ለነገ የሚባል አይደለም።

ቅሬታዬ መርጫው ላይ ነው፤ ቶሎ ይደፈናል፣ የሚያወጣውም ትንሽ ነው። ፈሳሹን ግን ሲያልቅ መልሼ እገዛዋለሁ፤ ያውም ትልቁን ጠርሙስ።