የኮምፒውተር ወዳጆች የቤት ጌጥ፦ የትኛው ይሠራል፣ የትኛው አቧራ ይሰበስባል

ለኮምፒውተር ወዳጆች ተብለው ከሚሸጡት የቤት ዕቃዎች ያለ ብዙ ማመንታት የሚገዛው ባይነሪ ሰዓት፣ ማለትም ጊዜን በበሩና ባልበሩ መብራቶች የሚያሳየው ሰዓት ነው። የቀሩት ከመገዛታቸው በፊት ጀርባቸው ተገልብጦ መታየት አለበት።

ባይነሪ ሰዓቱ ላይ 20 ኤልኢዲዎች በ6 ዓምድ ተደርድረዋል፤ ሁለት ዓምድ ለሰዓት፣ ሁለት ለደቂቃ፣ ሁለት ለሰከንድ፤ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ አሃዝ ነው። ከታች ወደ ላይ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያላችሁ የበራውን ብቻ ትደምራላችሁ። 18:47 ሲሆን በመጀመሪያው ዓምድ የታችኛዋ ብቻ፣ በሁለተኛው የላይኛዋ ብቻ፣ በሦስተኛው 4ን የምትወክለው፣ በአራተኛው ደግሞ ከታች ያሉት ሦስቱ ይበራሉ። ዓይን ቶሎ ይለምደዋል። እንግዳ ግን ሰዓት መሆኑንም አያውቅ፤ የዕቃው ግማሽ ደስታ እዚያ ላይ ነው።

ከመልኩ ይልቅ ጊዜ የሚቆጥረውን ቺፕ ጠይቁ። ዲኤስ1307 የተባለው ቺፕ የሙቀት ለውጥን አያካክስም፤ ከተለመደው ክሪስታል ጋር በወር እስከ 1 ደቂቃ ገደማ ሊዛነፍ ይችላል። ዲኤስ3231 የተባለው ግን በተለመደ የክፍል ሙቀት በዓመት ከ1 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። መብራት በጠፋ ቁጥር ከዜሮ የሚጀምር ከሆነ መጠባበቂያ ባትሪ የለውም ወይም አልቋል ማለት ነው።

ራሳችሁ የምትገጣጥሙት ዓይነት ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙዎቹ ርካሽ የዲኤስ3231 ቦርዶች ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርግ መስመር አላቸው። ሳንቲም የሚመስለው ሲአር2032 ደግሞ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ አይደለም፤ ቦርዱ በ5 ቮልት ሲሠራ ባትሪው ቀስ በቀስ ሊያብጥ፣ ሊያፈስም ይችላል። መፍትሔው ከዳዮዷ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከምታሳልፈው) አጠገብ ያለችውን 201 የሚል የተጻፈባትን ሬዚስተር በብየዳ ማንሳት ነው። ጊዜ ቆጠራውን አይነካም።

ከአሮጌ ሀርድ ዲስክ የሚሠራው የግድግዳ ሰዓት ከሁሉም ያምራል፣ ከሁሉም በላይም ይበላሻል። የ3.5 ኢንቹ ዲስክ ስፋት 95 ሚሊሜትር፣ የመሐል ቀዳዳው 25 ሚሊሜትር ነው። የሰዓት ሞተሩ አንገት ግን 8 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ሰፊ ሮንዴላ ካልገባለት ሰዓቱ ይዘማል። የደቂቃ ቆጣሪው በየሰዓቱ እዚያው ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ የንባብ ክንዱ ጫፍ እያገደው ነው፤ አንገቱ ረዘም ያለ ሞተር ያስፈልጋል። ከክንዱ ኋላ ያሉት ኃይለኛ ማግኔቶች አለመውጣታቸውንም አረጋግጡ፤ የኳርትዝ ሞተር በማግኔት ስለሚሽከረከር አጠገቡ ሌላ ብርቱ ማግኔት ካለ ሊዘገይ ወይም ሊቆም ይችላል። ማግኔቶቹን ራሳችሁ የምታወጡ ከሆነ ጣታችሁን ጠብቁ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ቆዳ ይይዛሉ። ከላፕቶፕ የወጣ ዲስክ ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆነ አትብሱት፣ ይረግፋል።

የዩኤስቢ ኩባያ ማሞቂያ? ይቅርባችሁ። መደበኛ ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው 5 ቮልት በ0.5 አምፒር፣ ማለትም 2.5 ዋት ነው። በዚህ ኃይል ሩብ ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ፣ ምንም ሙቀት ባይባክን እንኳ፣ ከ4 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። በግድግዳ ሶኬት የሚሠራውን ውሰዱ።

የፍሎፒ (የድሮው የኮምፒውተር መረጃ መያዣ ዲስክ) ቅርጽ ያለው የኩባያ ማስቀመጫ ከሲሊኮን የተሠራ ከሆነ ጥሩ ነው። እውነተኛው ፍሎፒ ግን የፈሰሰውን ስለማይዝ ጠረጴዛው ላይ ሊወርድ ይችላል።