ጀልባችንንም እኛንም ሰው ላደረጉት ጋሼ

ጀልባ የገዛ ባል ያላት ሴት እዚህ ካለች እጇን ታውጣ። ብቻዬን ከሆንኩም ግድ የለም። ዛሬ የጀልባችንን ሞተር የጠገኑልንን አንድ ሽማግሌ ላመሰግን ነው የመጣሁት፤ ጥቆማም አለኝ። ጀልባ የሌላችሁም እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ለጄኔሬተራችሁ ይጠቅማችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ አገር ለቆ ከሚሄድ አንድ ፈረንጅ ጀልባ ገዛ። ትንሽ ናት፣ ርዝመቷ 6 ሜትር አይሞላም። ከፊቷ ሁለት ሰው ጎኑን የሚያሳርፍባት ጠባብ ክፍል አላት። ከኋላዋ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ተንጠልጥሏል። ፈረንጁ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ይነዳት ነበር፤ በኋላ ግን ሸራ ለብሳ ቆማ ከርማለች። እኛ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አዎ፣ ኮንዶሚኒየም። ከነተጎታቿ መጥታ ብሎካችን ፊት ለፊት ተገተረች። በነጋታው ሰፈሩ ሁሉ «የኖኅ መርከብ» ይላት ጀመር። ጥበቃው ስንት እንደሚያስከፍለን ግራ ገብቶት ኮሚቴ ጠራ። ኮሚቴውም ግራ ገባው። በመጨረሻ የሚኒባስ ሂሳብ ከፈልን።

ለምን ጀልባ? አማቴ ስለት አለባቸው። ዝዋይ ሐይቅ፣ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ላለችው ደብረ ጽዮን ማርያም። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ ያረፈችበት ነው እየተባለ የሚተረክለት ገዳም ነው። ልጃቸው «እማዬ፣ በራሴ ጀልባ ነው የማደርስሽ» አላቸው። በቃ። ሐይቁ ዳር ካለችው ባቱ ከተማ ጀልባ ተከራይቶ መሄድ እንደሚቻል ስናገር የሰማኝ የለም።

አሁን ወደ ምሬቱ። ስም አልጠራም፤ ለራሳቸው ያውቁታል።

መጀመሪያ የሄድነው ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ጋራዥ ነበር። ሜካኒኩ «ሞተር ሞተር ነው፤ የመኪናውም የጀልባውም አንድ ነው» አለን። እዚያው ደረቅ መሬት ላይ እንደቆመ አስነሳው። ሞተሩ ጮኸ። «ሰማችሁ? አንበሳ!» አለ። ደጋግሞ ነዳጅ ሰጠው። የተቃጠለ ጎማ ይሸት ጀመር። ከሞተር ምንም የማላውቀው እኔ እንኳ «ይሄ ነገር አይሸትም?» ብዬ ጠየቅኩ። «እመቤት፣ ቆሞ የከረመ ስለሆነ ነው፤ ይለቀዋል» አለኝ። ካንዴላ ተቀየረ፣ ፊልትሮ ተቀየረ፣ ካርቡራተር ታጠበ ተባለና ሂሳቡ ተቆልሎ መጣ። ባቦጋያ ወስደን ውሃ ላይ ስናወርደው ጥቂት ሄዶ ጋለና ቀጥ አለ። ነፋሱ እየገፋ ቄጠማ ውስጥ ከተተን። አንድ ዓሣ አጥማጅ ልጅ በገመድ ጎትቶ አወጣን፤ እግዜር ይስጠው። ወደ ጋራዡ ስንደውል «እኔ ጋ እያለ ሰላም ነበር» ተባልን። ከዚያ ወዲያ ስልክ የሚያነሳ ጠፋ።

ላይፍ ጃኬቶቹን የሸጠልን ደግሞ ሌላ ነው። «ኦርጅናል ነው፣ የውጭ» እያለ ይምላል። የእናቱን ስም ሁሉ ጠርቷል። ጀልባ መንዳት አስተምራለሁ ብሎ ቀብድ የተቀበለን ልጅም አለ። እሱን እስከ ዛሬ ውሃ ዳርም የብስ ላይም አላየነውም።

በዚህ መሃል ነው የተጎታቿ ጎማ ገላን ላይ የተነፈሰው። ጎሚስታው ጎማውን እየደፈነ ጀልባዋን አየ፣ እኛን አየ፣ አዘነልን መሰለኝ። «ከኋላ በኩል አንድ ሽማግሌ አሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር ያውቃሉ» አለን።

ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ነው። ሰሌዳ የለውም። የቆርቆሮ አጥር፣ በየጥጉ የተፈታ ጄኔሬተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ አንድ የተገለበጠ አሮጌ ጀልባ። ጋሼ በወጣትነታቸው ምፅዋ፣ ባህር ኃይል ውስጥ ነበሩ። ባህር ኃይሉ ሲበተን የብስ ላይ ወጥተው ጄኔሬተር መጠገን ያዙ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛልና ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሞተሩን ሊያስነሱት አልቸኮሉም። በርሜል ሙሉ ውሃ አስቀዱ። ሞተሩን ከጀልባዋ አስፈትተው እግሩን በርሜሉ ውስጥ ነከሩት። ያኔ ነው ያስነሱት። «ልጄ፣ ከጎኑ ቀጭን ውሃ ይተፋል፤ ተመልከቺልኝ» አሉኝ። ተመለከትኩ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ወዲያው አጠፉት። ለካ ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። ውሃውን የምትስብለት ከሥሩ ያለች መዳፍ የማትሞላ ጎማ ናት። በደረቁ ከተነዳ እሷ ታልቃለች። ፈትተው ሲያወጧት ክንፎቿ ረግፈዋል። የባለቤቴ ፊት ሲለዋወጥ አየሁት፤ ያንን «አንበሳ» አስታውሶ ነው። ጋሼ ግን ማን እንዲህ እንዳደረጋት እንኳ አልጠየቁም። «ትገኛለች» ብቻ አሉ። ዕቃዋ ከዱባይ በሰው መጣች። ከሰጠናቸው ገንዘብ የተረፈውን ከነደረሰኙ መለሱልን። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ የተረፈውን ከነደረሰኙ መለሱልን።

ፕሮፔለሩንም፣ ማለት ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋውን፣ በሌላ ለወጡት። ባቦጋያ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል አሉ። የፕሮፔለሩን ነገር ወረቀት ላይ እየሳሉ አስረዱኝ። ራሴን ነቀነቅኩ እንጂ አልገባኝም። ብቻ ጀልባዋ ድሮ እየተጎተተች ከምትነሳው አሁን ብድግ ትላለች።

ከዚያ ወደ ዕቃው ገባን። እኛ የገዛነውን ላይፍ ጃኬት በርሜሉ ውስጥ ከተው ድንጋይ አሰሩበት። እኛ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ውሃ መጥጦ ሰጥሟል። የውስጡ ስፖንጅ ነው፤ የሶፋ። አንዲት ቃል ሳይናገሩ ወደ ጥግ ወረወሩት። ዋና ለማይችል ሰው ቢያንስ 100 ኒውተን (የማንሳፈፍ ጉልበቱ ልክ ነው) የሚል የተጻፈበት፣ አንገቱ ጋ ኮሌታ ያለው ፈልጉ አሉን። ኮሌታው ራስህን ብትስት እንኳ ፊትህን ወደ ላይ ይይዘዋል። 50 የሚለው ዋና ለሚችል ነው። እኔ አልችልም፤ አማቴም አይችሉም፤ ባለቤቴ እችላለሁ ይላል።

መልህቁን ከፌሮ ራሳቸው በየዱት። ገመዱ ከውሃው ጥልቀት አምስት እጥፍ ይርዘም አሉ። ባቦጋያ ላይ ግን በመልህቅ አትመኩ ብለው አስጠነቀቁን። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ስለሆነ ከ60 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ከዳር ትንሽ ራቅ እንዳልክ ወለሉ ይከዳሃል። የጀልባዋን የውሃ ማፍሰሻ ቡሽ ከሞተሩ ቁልፍ ጋር በክር አሰሩት። ቡሹ ካልተደፈነ ቁልፉ እጅህ አይገባም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብ ሰው ነው የምላችሁ።

አማቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው። ቡናው የት ይፈላል? ጠባቧ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥለው ጀበና ሊጥዱ አስበው ነበር። ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እማማ፣ ከሰል በተዘጋ ክፍል ይገድላል፤ አጠገቡ ደግሞ ቤንዚን አለ» አሉ። የጋዝ ምድጃስ? እሱም አይሆንም፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይተኛና ክብሪት ይጠብቃል። አማቴ አኮረፉ። በመጨረሻ በፔርሙስ ተስማሙ። እጣኑ ግን ቀረ፣ እስከ ዛሬ ያነሱታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

እኔ ውሃ እፈራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ። «ጀልባው የእሱ ነው፤ እኔ ዳር ቆሜ እጠብቃለሁ» ብዬ ነበር። ጋሼ ባቦጋያ ድረስ አብረውን መጡ። ባለቤቴን ትተው ወደ እኔ መጡ። «መፍራትሽ ደግ ነው። ጃኬቱን ግን ፈትኚው» አሉኝ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ከፊቴ ውሃ ውስጥ ገቡ። እኚያ ሽማግሌ! ወገቤ ላይ ገመድ አስረው ጫፉን በእጃቸው ያዙ። እንድቀመጥ አሉኝ፤ ወንበር ላይ እንደምቀመጥ። እግሬን አነሳሁ። ጃኬቱ ያዘኝ። ጮኼ ይሁን ስቄ አላውቅም፣ ብቻ ድምፅ አውጥቻለሁ። እስክጠግብ ድረስ ቆሙልኝ። አንድ ጊዜ እንኳ «በቃ ቶሎ» አላሉኝም።

ከዚያ ጀልባው ላይ አስቀመጡኝ፤ መሪው ላይ። ባለቤቴ «እኔ ልያዝ» ሲል «አንተ ትማራለህ፤ ቀድማ እሷ ትማር» አሉት። «መሪውን የምትይዘው አንተ ነህ፤ ውሃ ውስጥ የምትወድቀውም አንተ ነህ። አንተ ከወደቅህ ጀልባውን ማን ይመልሳል? እናትህ?» ባለቤቴ ዝም አለ።

ቢጫ ጀሪካን ግማሽ ውሃ ሞልተው የባለቤቴን ኮፍያ ደፉበት። «ይሄ ባልሽ ነው» ብለው ሐይቁ ላይ ወረወሩት። እኔ መሪ፣ አማቴ ጠቋሚ። የአማቴ ሥራ ጣታቸውን ወደ ጀሪካኑ ቀስረው ዓይናቸውን አለመንቀል ነው። እኔ ዞሬ ነፋሱን በፊቴ ተቀብዬ ቀስ ብዬ መጠጋት፤ ሳልደርስ ሞተሩን ማጥፋት። ፕሮፔለር ሰው አይለይም። ጀልባ ደግሞ ፍሬን የላትም። መሪውን ስታዞሪ ከአፍንጫዋ ይልቅ ኋላዋ ነው የሚወጣው፤ ይህን ለመልመድ ጊዜ ይፈጃል።

በፍጥነት ሄጄ ጀሪካኑን ድው አደረግኩት። «ባልሽን ገጨሽው፤ ድገሚ» አሉኝ። ደገምኩ፤ አለፍኩት። አማቴ «ልጄን! ልጄን!» እያሉ ይጮሃሉ፤ ልጃቸው ጎናቸው ተቀምጦ። ደጋገምነው። ፀሐዩ አናታችንን እስኪበሳው። በመጨረሻ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ጀልባዋ ራሷ ተንሳፍፋ፣ ጀሪካኑ ክንዴ ሥር መጥቶ ቆመ። ኮፍያውን አንስቼ ባለቤቴ ራስ ላይ ከነውሃው ደፋሁለት። ጋሼ አጨበጨቡ።

የመንዳት ፈቃድ ያወጣሁ ዕለት እንኳ እንዲያ አልተሰማኝም።

ዝዋይም ሄድን። ጋሼ እንዳዘዙት ጎህ ሲቀድ ገብተን ከሰዓት ነፋስ በፊት ወጣን። ሐይቁ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 9 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለማይጠልቅ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጫጭርና የሚያንገጫግጭ ይሆናል ብለውን ነበር። ከጉማሬ ራቁ፣ እንቦጭ ካያችሁ ዙሩ ብለውም ነበር። አንድ ቦታ ላይ ሞተሩ ቀጭኑን ውሃ መትፋት ሲያቆም ያየሁት እኔ ነኝ። አጠፋነው፤ እንቦጩን ከሥሩ ነቀልንና ቀጠልን። ያ ጋራዥ ቢሆን ኖሮ እስካሁን እዚያው ነበርን። አማቴ ስለታቸውን አደረሱ። ለጋሼም ሻማ አብርተውላቸዋል።

ዋጋቸውን ለምትጠይቁ፤ ያ ጋራዥ ሞተራችንን ለማበላሸት ካስከፈለን ያነሰ ነው። ማስተማሩን ሂሳብ ውስጥ አላስገቡትም። ግድ ብለን ነው ኪሳቸው የከተትነው፤ እሱንም ግማሹን መንገድ ላይ ለጎሚስታው ሰጡት።

እባካችሁ ሄዳችሁ አሠሩ። ባቦጋያ ዳር ቤት ያላችሁ፣ ላንጋኖ ጀልባ ያላችሁ፣ ሞተራችሁ ቆሞ የከረመባችሁ፣ እባካችሁ። ጀልባ የለንም የምትሉም መብራት ሲጠፋ የማይነሳ ጄኔሬተር፣ ውሃ የማይገፋ ፓምፕ ካላችሁ ውሰዱላቸው። የማይሆነውን አይሆንም ይሏችኋል፤ እሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ረቡዕና ዓርብ ቅዳሴ ስለሚሄዱ በሌላ ቀን ድረሱ። ስልክ ብዙም አያነሱም፤ ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል፣ የሞተር ክፍል ሥራ ነው ያደረሳቸው። አድራሻውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ስትሄዱ ባሏን የገጨችው ልካን ነው በሏቸው፤ ያውቁኛል።