ልትሸጥልኝ መጥታ «ይህን አይግዙ» ላለችኝ ልጅ

ለማመስገን ስቀመጥ ቀድሞ የሚመጣብኝ ንዴቱ ነው፤ ስለዚህ እሱን ላስቀድምና ይውጣልኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሥራዬ ከመርፌና ከመቀስ ጋር ነው፤ ስልክ ከመደወልና ከማንሳት አልፎ አላውቅበትም። ገበያው ሲቀዘቅዝብኝ «በሞባይል እናስተዋውቅልዎታለን» የሚል አንድ ሰው መጣ። አለባበሱ የሚያምር፣ ንግግሩ ማር የሆነ። በአንድ ቀን ለብዙ ሺህ ሰው መልእክት እልክልዎታለሁ አለኝ። ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ አልጠየቅኩም፤ ጥፋቴ እሱ ነው። በማግስቱ ስልኬ አላርፍ አለ። ደስ ብሎኝ ሳነሳው ስድብ ነው። «ቁጥሬን ማን ሰጠህ?» የማይለኝ አልነበረም። አንዲት ሴት ብቻ አልሰደበችኝም፤ «አባቴ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ከሐኪሙ የመጣ መልእክት መስሎኝ በድንጋጤ ነው የከፈትኩት» አለችኝ። ስድቡን ረስቼዋለሁ፣ ይህ ግን እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ለሰውየው ደውዬ ብነግረው «ንግድ እንዲህ ነው» ብሎኝ አረፈው። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም።

ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ሱቅዎን ጉግል ካርታ ላይ አወጣለሁ ብሎ በየወሩ ያስከፍለኝ ጀመር። ስልክ ቁጥሬን ስቀይር ይስተካከልልኝ ብዬ ብፈልገው ብፈልገው የለም። ለካ ገጹን የከፈተው በራሱ ኢሜይል ኖሯል! ደንበኞቼ ለወራት በማይሠራ ቁጥር ሲደውሉ ከረሙ። ምዝገባው ለማንኛውም ነጋዴ በነጻ እንደሆነ የሰማሁት ኋላ ነው።

እንግዲህ ይህቺ ልጅ በሩ ላይ ቆማ «የሞባይል ማስታወቂያ» ስትል እንዴት እንደተቀበልኳት ገምቱ። ቃሏን ሳላስጨርሳት ብመልሳት የሚፈርድብኝ ያለ አይመስለኝም። እሷ ግን አልተቀየመችም፤ «ጋሼ፣ ከዚህ በፊት የላኩትን መልእክት ብቻ ያሳዩኝ፣ ከዚያ እሄዳለሁ» አለችኝ። አሳየኋት። በጣቷ እየነካች ፊደሎቹን ቆጠረች፤ 190 ሆኑ። ከዚያ ማንም ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረችኝ፦ በላቲን ፊደል የተጻፈ አጭር መልእክት እስከ 160 ፊደል ሲይዝ፣ በእኛ ፊደል የተጻፈ ግን 70 ብቻ ነው የሚይዘው። ካለፈ ይከፋፈላል፤ የእኔው ሦስት ቦታ ተከፍሎ የአንዱን ሂሳብ ሦስት ጊዜ ከፍዬበታለሁ። ለምን እንዲህ እንደሆነ አስረድታኝ ነበር፣ አልገባኝም፣ እንዲገባኝም አልደከምኩም። ያ ሁሉ ፊደል የሄደው ደግሞ «ውድና የተከበራችሁ» እያልኩ በደረደርኩት ሰላምታ ነው።

በዚያው ብትሄድ እንኳን ባመሰገንኳት ነበር። ነገር ግን ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ያለ አሮጌ ደብተር ላይ አረፈ። የባለቤቴ ደብተር ነው፤ ነፍሷን ይማርና፣ የደንበኛውን ልክ፣ ስሙንና ስልኩን የምትጽፍበት እሷ ነበረች። «እጀታው ይርዘምለት፣ ይበርደዋል» የሚል ሁሉ አለበት። እሷ ካረፈች ወዲህ እኔ ብዙም አልገለጥኩትም። ልጅቷ «መክፈት እችላለሁ?» ብላ አስፈቀደች። መጠየቋ ራሱ ልቤን ነካው። ገጽ በገጽ በቀስታ ገለጠችና «ጋሼ፣ የቁጥር ዝርዝር ከእኔም ከማንም አይግዙ፤ የሚያውቅዎት ሰው እዚህ ውስጥ ነው» አለች።

ልብ በሉ፣ ልትሸጥልኝ የመጣች ልጅ ናት!

መጀመሪያ ያስደረገችኝ እያንዳንዱን ደንበኛ ደውዬ መልእክት ብልክለት ይፈቅድ እንደሆነ መጠየቅ ነበር። አልፈልግም ያለውን ከዝርዝሩ አወጣነው፤ ኋላ ሐሳቡን የሚቀይርም በአንድ ቃል መልስ እንዲያስቆመው አደረገችልኝ። ከዚያ መልእክቱን አብረን ጻፍነው፦ «እኛ ጋር ያሰፉት ልብስ ጠብቦ ወይም ሰፍቶ ከሆነ ይዘው ይምጡ፤ በነጻ እናስተካክላለን።» ከነስማችን 70 አይሞላም። በዚያ ሳምንት በሬ ላይ ሰው ተሰልፎ ነበር ብል ውሸት ነው። ግን መጡ። ኮት ለማስጠበብ የመጣው ሱሪ አዝዞ ይሄዳል፣ እናቷን ይዛ የምትመጣም አለች። አንዱ ባለቤቴ የለካችውን ኮት ይዞ መጥቶ እጀታውን ሳየው ትንሽ ወደ ጓዳ ገብቼ መውጣት ነበረብኝ።

የካርታውንም ጉዳይ አልተወችውም። ለጉግል አመልክታ ገጹን በስሜ አስመልሳልኛለች፤ የይለፍ ቃሉንም ራሴ እንድጽፈው ፊቷን አዙራ ጠበቀችኝ። ወርሃዊ ክፍያ ይኖረዋል ብዬ ብጠይቃት «ነጻ ለሆነ ነገር ምን ብዬ ልቀበልዎት?» አለችኝ። የምትቀበለው ለሠራችበት ብቻ ነው፣ የሠራችውንም ቁጭ ብላ ታሳያለች።

አነስተኛ ሥራ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ እንደ እኔ ሁለት ጊዜ ሳትቃጠሉ ይህቺን ልጅ ጥሩ። ደግሜ እላለሁ፣ እሷን ጥሩ። ስሟን አደባባይ ላይ እንዳልጽፍ አደራ ስላለችኝ ነው እንጂ በትልቁ እጽፈው ነበር። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አስፈቅጃታለሁ። ብቻ ከመምጣቷ በፊት የደንበኞቻችሁን ደብተር ፈልጋችሁ አቆዩ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።