ኖቪሲ፦ ያለ አማላጅ ኪስ የገባ እርዳታ

እርዳታም አገልግሎት ነው። ባንክን፣ የስልክ መስመርን፣ ሐኪም ቤትን ተጠቃሚው እንደሚመዝነው ሁሉ እርዳታንም መመዘን ያለበት ተቀባዩ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ጊዜ የምናነበው ግን ሰጪው ስለ ራሱ የጻፈውን ነው። ስለዚህ ዛሬ ኖቪሲን እገመግማለሁ። በኮቪድ ጊዜ የቶጎ መንግሥት ሥራው ለተቋረጠበት ዜጋ በሞባይል ገንዘብ የላከበት ፕሮግራም ነው።

የምኖረው በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለድርሻ የሆነበት አስካይ አየር መንገድ መቀመጫው እዚህ ስለሆነ ሐበሻ አይጠፋባትም። እኔ ገንዘቡን አልተቀበልኩም፣ የውጭ ሰው አይመለከተውምና። ግን የጎረቤቶቼን ስልክ ይዤ ቁጥሩን ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ። መልእክቱ ሲመጣም አንብቤላቸዋለሁ። ያገኙትንም ያጡትንም በቅርብ አውቃቸዋለሁ።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። የቀረችው አንዷ ግን ቀላል አይደለችም።

መጀመሪያ ኑሮውን ልንገራችሁ፣ ያለዚያ ነገሩ አይገባም። እዚህ አብዛኛው ሰው የዛሬን ሠርቶ የዛሬን ነው የሚበላው። ዜሚጃን የሚነዳው ልጅ፣ ሞተር ታክሲ ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ሞተሩ የራሱ አይደለም። ሰው ጫነም አልጫነ ለባለቤቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ አለበት። ሄድዝራናዌ ገበያ ሰልባጅ የምትሸጠው ሴት ቦንዳውን የምትገዛው ተፈቶ ሳታየው ነው። ጥሩ ልብስ ከወጣ ተመስገን፣ ቡትቶ ከወጣ ኪሳራው የእሷ ነው። ማታ ማታ ደግሞ መንገድ ዳር ባቄላ ጋሪ ከሚባል ምግብ ጋር የሚሸጡ አሉ። ይህ ጋሪ ከካሳቫ ተፈጭቶና ተቆልቶ የሚሠራ ነው። ርካሽ ነው፣ ሆድ ይይዛል፣ የድሃውን ቤት ቀጥ አድርጎ ያቆመው እሱ ነው።

ቁጠባውም የቀን ነው። ቶንቲን ይሉታል፣ ሰብሳቢው በየመደቡ እየዞረ ትንሽ ትንሽ ይሰበስባል። ካርዱ ላይ 31 ሳጥን አለ። በየቀኑ አንዱ ይሞላል፣ በወሩ መጨረሻ ነጋዴዋ ገንዘቧን ስትወስድ የአንዱ ቀን መዋጮ ለሰብሳቢው ይቀራል። ሰው የገዛ ገንዘቡን እንዲያስቀምጡለት ይከፍላል ማለት ነው። ቤት ካስቀመጠው ደግሞ አያድርም። የታመመ ዘመድ አለ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ አከራይ አለ። አንድ ሳምንት ገበያ ከጠፋ ሳጥኖቹ ባዶ ይቀራሉ፣ ከዚያ ብድር ነው።

እንዲህ ባለ ኑሮ ላይ ነው 2020 የመጣው። ማርች ላይ ድንበር ተዘጋ። ሎሜ ልክ ጋና ድንበር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፣ ከመሀል ከተማ ወደ ጋናዋ የድንበር ከተማ አፍላኦ በእግር ይኬዳል። ጠዋት ተሻግሮ ሸቀጥ አምጥቶ ከሰዓት ሎሜ የሚሸጠው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ቁጭ አለ። የጋና የየብስ ድንበር የተከፈተው በማርች 2022 ነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ማለት እኮ ነው። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ደግሞ የሰዓት እላፊ ታወጀ። ለእኛ ለደመወዝተኞቹ ሰዓት እላፊ ማለት በጊዜ ቤት መግባት ነው። ገበያዋ ሲመሽ ለሚጀምረው ባቄላ ሻጭ ግን ሥራሽ ተከልክሏል እንደማለት ነው።

ኖቪሲ የተጀመረው ኤፕሪል 8 ቀን ነው። ሰዓት እላፊው በታወጀ በሳምንት ገደማ! ይህን ፍጥነት ሳስብ እስካሁን ይደንቀኛል። ሥራውን የመሩት የዲጂታል ኢኮኖሚ ሚኒስትሯ ሲና ላውሰን ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነበር። ስልክ አንስቶ *855# መደወል ነው። ስማርት ስልክ አያስፈልግም፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ባለ ቁልፏ አሮጌ ስልክ ትበቃለች። ሲስተሙ የመራጭነት ካርድ ቁጥርና ጥቂት መረጃዎች ይጠይቃል። ለምን የመራጭነት ካርድ? ፕሬዚዳንታዊው ምርጫ የተካሄደው በፌብሩዋሪ 2020 ስለነበር ምዝገባው ገና ትኩስ ነበር፣ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው መዝገቡ ላይ አለ፣ ሥራውና መኖሪያው ሳይቀር ተጽፏል። ሰውየው የሚተዳደረው በግል ጥቃቅን ሥራ ከሆነና የሚኖረው ክፍያው በተፈቀደበት አካባቢ ከሆነ፣ ገንዘቡ በደቂቃዎች ውስጥ ቲ-መኒ ወይም ፍሉዝ በሚባለው የሞባይል ገንዘብ ሒሳቡ ላይ ይገባል። አለቀ።

መጠኑ በአገሪቱ ገንዘብ በሴፋ ለሴት በወር 12,250 ሴፋ፣ ለወንድ 10,500 ሴፋ ነበር። በሁለት ተከፍሎ በየሁለት ሳምንቱ ይላካል። ያኔ የአገሪቱ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 35,000 ሴፋ ነበር፣ ስለዚህ ሴቷ 35 በመቶውን፣ ወንዱ 30 በመቶውን አገኙ ማለት ነው። ለሴት የበለጠ መሰጠቱን የተቃወሙ ወንዶች ሰፈራችን ውስጥ አልጠፉም። እኔ ግን ትክክል ነው ባይ ነኝ። ቤቱን የምትመግበው እሷ ናት፣ ልጅ ሲያለቅስ የሚያለቅሰው እሷ ላይ ነው። ገንዘቡ ቤተሰብ ያኖራል ወይ? አያኖርም። ማንም እንዲህ ብሎ አይዋሽ። ጋሪና ደረቅ ዓሣ፣ ከሰል፣ ሳሙና ይገዛል፣ ለአከራይም «ቀሪውን ታገሰኝ» ለማለት የሚያበቃ ትንሽ ነገር ይተርፋል። ኑሮ ባይሆንም መተንፈሻ ነበር።

እኔን የማረከኝ ግን መጠኑ ሳይሆን አመጣጡ ነው። እዚህ እርዳታ በተለምዶ በሰው በኩል ነው የሚያልፈው። የሰፈር ሹም አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ መስጊድ አለ፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ አለ። ዝርዝር ይወጣል። ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት መታወቅ ያስፈልጋል። መታወቅ ደግሞ ደጅ መጥናት ነው፣ እጅ መንሳት ነው፣ አንዳንዴም ከሚገኘው ላይ ማካፈል ነው። ከዚያ በፀሐይ መሰለፍ ይመጣል። ከዚያ የሩዝ ከረጢቱን ተቀብሎ ካሜራ ፊት መቆም። የሰጪው ዓላማ ክፉ ላይሆን ይችላል፣ ለለጋሾቹ ማሳየት አለበት። ግን አንዲት እናት አምስት ኪሎ ሩዝ ለመቀበል ችግሯን ለማታውቀው ሰው ፊቷ ላይ አስነብባ መመለስ የለባትም። ይህ ያናድደኛል፣ ሁሌም ያናድደኛል።

በኖቪሲ ጊዜ ይህ ሁሉ አልነበረም። ግቢያችን ውስጥ ልብስ እያጠቡ የሚተዳደሩ አንድ ትልቅ ሴት አሉ። መልእክቱ ሲገባ ስልኩን ሰጡኝና አነበብኩላቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ማንን ነው የማመሰግነው?» አሉኝ። ማንንም አያመስግኑ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ሳቁ። ለሹሙ ዶሮ መውሰድ አያስፈልጋቸውም፣ ለማንም ውለታ የለባቸውም። በዚያ ሳምንት አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ፣ አጋነንክ የሚለኝ ካለ ይበል።

በመጀመሪያው ዙር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ተከፍሎታል፣ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ስምንት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ላላት አገር ይህ ትንሽ አይደለም።

ገንዘብ ማውጣቱ ላይ አንድ ችግር አይቻለሁ። ገንዘቡ ስልክ ላይ ነው ያለው፣ ጥሬ ለማድረግ ወኪል ጋ መሄድ ያስፈልጋል። አንድ ወኪል ማንበብ ከማይችሉ ሴቶች ላይ ከተፈቀደው ኮሚሽን በላይ ሲቆርጥ ደርሼበታለሁ። ብዙ አይደለም የወሰደው፣ ለእነሱ ግን የአንድ ምሳ ነው። ተጨቃጨቅን፣ መለሰ። ሌላ ጊዜ ማን አጠገባቸው ይኖራል? የሚስጥር ቁጥራቸውንም ለወኪሉ በቃላቸው የሚነግሩ ብዙ ናቸው። ይህን ማስተማር ያለበት ገንዘቡን የላከው አካል ነበር።

ሁለተኛው ነገር ማብቂያው ነው። ጁን ላይ ሰዓት እላፊው ሲነሳ የሎሜው ክፍያም ቆመ። ድንበሩ ግን እንደተዘጋ ነው! ክፍያው የታሰረው ከሰዓት እላፊው ጋር እንጂ ከሰዉ ችግር ጋር አልነበረም። ሰልባጅ ሻጯ ዕዳዋ ገና መጀመሩ ነበር። ይህ ለእኔ ትልቅ ጉድለት ነው።

ከዚያ ፕሮግራሙ ወደ ገጠር ሄደ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ ዓለምን ያነጋገረው። ገንዘቡ ከጊቭዳይሬክትሊ መጣ፣ ይህ ድርጅት ለድሆች ጥሬ ገንዘብ በቀጥታ በመስጠት ይታወቃል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎችም ገቡበት። ጥያቄው ከባድ ነበር። ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም፣ በጣም ድሃው ማን እንደሆነ የሚናገር የተሟላ መዝገብ የለም፣ የሕዝብ ቆጠራው አሥር ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ በኮቪድ መሀል ቤት ለቤት መሄድ አይቻልም። ስለዚህ በሳተላይት ፎቶ ድሃ ድሃ የሆኑ 100 ካንቶኖችን ለዩ። ካንቶን ማለት እንደ ትንሽ ወረዳ ነው። ከዚያ በእነዚህ ካንቶኖች ውስጥ ሰዉ ስልኩን እንዴት እንደሚጠቀም እየተመለከተ ማን ይበልጥ ድሃ እንደሆነ የሚገምት የኮምፒውተር ሞዴል ሠሩ። የተመረጡት ለአምስት ወር ተከፈላቸው፣ ለሴት በወር 8,620 ሴፋ፣ ለወንድ 7,450 ሴፋ።

ውጤቱ በ2022 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጥቷል። መንግሥት በአካባቢ ብቻ ለይቶ ለመስጠት ካሰባቸው መንገዶች ጋር ሲነጻጸር፣ ማግኘት ሲገባው የሚቀረውን ሰው ስህተት ከ4 እስከ 21 በመቶ ቀንሷል። የእያንዳንዱን ቤተሰብ ኑሮ የያዘ ሙሉ የማኅበራዊ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ግን ሞዴሉ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ስህተቱ ከ9 እስከ 35 በመቶ ይበልጥ ነበር። ሁለቱንም ቁጥር አብረው ማውጣታቸውን አከብራለሁ። ለማስታወቂያ ሲሆን የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ብቻ ነውና።

አሁን ወደ ቀረችው ኮከብ። ኖቪሲን ያስመሰገነው ነገር ራሱ ነው ጉድለቱም። መሀል ላይ ሰው የለም። ሰው ከሌለ ጉቦ የለም፣ እጅ መንሳት የለም። ግን ሰው ከሌለ «እኔን ረሳችሁኝ» የሚባል ፊትም የለም። ሹሙ አድልቶ ሊሆን ይችላል፣ ሰነፍ ሊሆን ይችላል፣ ግን ባሏ የሞተባትን ሴት ቤት ያውቀዋል። ማሽኑ የሚያውቀው ሲም ካርድ ያለውን ነው። ስልክ የሌለው ሰው በሞዴሉ ዓይን ድሃ አይደለም፣ ጭራሽ የለም። በገጠር ደግሞ ስልክ የሌለው ማን ነው? አሮጊቷ ናት፣ አካል ጉዳተኛው ነው፣ ባሏ ስልኩን ይዞ የሚሄድባት ሚስት ናት።

ካርዱም እንደዚያው ነው። ከሰሜን ከካራ ወይም ከዳፓኦንግ መጥታ ሎሜ የቀን ሥራ የምትሠራ ሴት ካርዷን ያወጣችው አገር ቤት ከሆነ፣ የሎሜው ክፍያ አይመለከታትም። ሥራዋም ኪራይዋም ረሃቧም ሎሜ ነው፣ ወረቀቷ ግን እዚያ ነው። ዕድሜዋ ለመምረጥ ያልደረሰ፣ ስፌት ተለማማጅ ሆና ራሷን የምታስተዳድር ልጅ ካርድ የላትም። በምርጫ ተስፋ ቆርጦ ሳይመዘገብ የቀረም የለውም። አንድ ሰው ባለመምረጡ እንዲራብ ማንም አልፈረደበትም፣ ግን አሠራሩ ውጤቱን እንዲህ አደረገው። ይህ ፖለቲካ አይደለም፣ የምግብ ጉዳይ ነው።

የስልኩ ነገርም ሌላ ቅር የሚለኝ ጎን አለው። ሰው የተናገረው ባይሰማም፣ ስንት ጊዜ እንደደወለና በስልኩ ምን ያህል እንደተጠቀመ ተቆጥሮ ድህነቱ ሲገመት ገበሬው ምን እየተደረገ እንደሆነ በደንብ ገብቶታል? የራበው ሰው ፍቃድ ሲጠየቅ እሺ ይላል። የራበው ሰው ምንም ቢጠየቅ እሺ ይላል። ስለዚህ ጥንቃቄው በጠያቂው ላይ ነው መውደቅ ያለበት።

እነዚህን ሁሉ ቆጥሬም 4 የሰጠሁት፣ ሌላው አማራጭ ምን እንደነበር ስለማውቅ ነው። ሌላው አማራጭ ዝርዝሩ እስኪወጣ ወራት መጠበቅ ነበር፣ ከዚያም ያው የታወቀው ሰው ያው የታወቀውን ከረጢት ይዞ ሲመለስ ማየት ነበር። ኖቪሲ የማያውቃትን ባቄላ ሻጭ ከነክብሯ አግኝቷታል።

ቶጎ በ2020 የባዮሜትሪክ መታወቂያ ሕግ አውጥታለች፣ በዓለም ባንክ በሚደገፈው የምዕራብ አፍሪካ የመታወቂያ ፕሮግራም ውስጥም ገብታለች። ከምርጫ ጋር ያልተያያዘ መታወቂያ ጥሩ ጅምር ነው። ግን መታወቂያ ብቻ አይበቃም። በሚቀጥለው ዙር በየካንቶኑ አንድ ሰው ይቀመጥ፣ ስልክ የሌለውን የሚመዘግብ፣ ማሽኑ የዘለለውን ቤቱ ድረስ ሄዶ አይቶ የሚያስገባ፣ ስሙና ውሳኔው ለሁሉም የሚታይ። ክፍያውም የሚቆምበት ቀን ከሰዓት እላፊ ጋር ሳይሆን ከገበያው ጋር ይታሰር። የወኪል ኮሚሽኑን ደግሞ ላኪው ራሱ ቀድሞ ይክፈልና ተቀባይዋ መልእክቱ ላይ ያየችውን ቁጥር ሳይጎድል እጇ ላይ ትቁጠረው።