ባነሬን አንብባ ያተመችልኝ ልጅ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ለክፍላችሁ ባነር ማሳተም ለምትፈልጉ መምህራን፣ ከመናኸሪያው አጠገብ ያለችውን ጠባብ ማተሚያ ቤት ልጠቁማችሁ።

እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ያሳተምኩት ስለ ፎንታና ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ተማሪዎቼ ብዙዎቹ ግጦሽ የነበረ መሬት ፋብሪካ ሲቆምበት እያዩ ያደጉ ናቸውና ታሪኩ ይገባቸዋል ብዬ ነው።

ባነሩ ላይ ሁለት ካርታ ጎን ለጎን አለ። በግራ በኩል ብርቱካን፣ ዶሮና አሳማ። የአሳማ እርባታው ግዙፍ ነበር፤ ከሎስ አንጀለስ በሚመጣ የምግብ ትራፊ ነበር የሚቀለበው። በቀኝ በኩል ያው መሬት የብረት ፋብሪካ ሆኗል። በ1942 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ባለሀብት ሄንሪ ካይዘር ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከብ ይሠራ ነበር፤ ብረቱ ግን ከሩቅ ምሥራቅ አሜሪካ በባቡር ነው የሚመጣለት። ስለዚህ ከመንግሥት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተበድሮ የራሱን ማቅለጫ ተከለ። ጃፓን በባሕር መጥታ ትመታዋለች ተብሎ ስለተፈራ ከጠረፉ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ተደረገ። የመጀመሪያው እቶን የተለኮሰው በእኛ ታኅሣሥ 21 ቀን 1935 ነው። ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። እቶኑን በካይዘር ሚስት ስም «ቤስ» አሉት።

በፊት የሄድኩበት ሌላ ቤት ፍላሼን ተቀብሎ እንዳለ አተመልኝ። «የብረት ቋጥኝ» ከሚለው ላይ «ቋ» ባዶ ሳጥን ሆና ወጥታለች፤ ያየሁት ክፍል ውስጥ ከሰቀልኩት በኋላ ነው። በጣም አዘንኩ።

ይቺ ልጅ ግን ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ቲቸር፣ ይቺ ፊደል ትጠፋለች» አለችኝና ፎንቱን ቀየረች። ከዚያ ዝም ብላ ካርታዎቹን አየች።

«የእኛም የበጎች ግጦሽ ላይ አሁን መጋዘን ነው ያለው» አለች። «ፋብሪካው ዛሬም አለ?»

የለም አልኳት። በ1983 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ በኋላ እዚያ ግቢ ላይ የመኪና መወዳደሪያ ተሠራበት።

«ታዲያ ሦስተኛ ካርታ ይግባበት እንጂ!»

ልክ ናት። ሁለቱን ጠበብ ጠበብ አድርጋ ሦስተኛውን አስገባችው፤ ለዚህ ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቀችኝም። ከሥር ደግሞ ልጆቹ የራሳቸውን ሰፈር እንዲሥሉበት ነጭ ቦታ ተወችልኝ።

ቅር ያለኝም ነገር አለ። መብራት ጠፍቶ አንድ ቀን ዘገየብኝ። የእርሻው አረንጓዴም ስክሪን ላይ ካየሁት ጠቆር ብሎ ወጣ፤ መጀመሪያ በትንሽ ወረቀት አሳትማችሁ እዩት። የባነሩ ቀለበት ግን ጠንካራ ነው፣ ጠርዙም ታጥፎ ተለጥፏል። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ሰልፍ ይበዛል።